«ሜትሮፖሊስ»፦ ከመቀስ የተረፈ ፊልም

«ሮቦት» የሚለው ቃል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1920 የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ ከጻፈው ተውኔት ነው። ይሁን እንጂ ቃሉን ስንሰማ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣውን መልክ፣ ማለትም ሰው መሳዩን አብረቅራቂ አካል፣ በይበልጥ ያወረሰን አንድ ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ነው። ይኸውም ጃንዋሪ 10 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሜትሮፖሊስ» ነው። ዲሬክተሩ የቪየና ተወላጅ የሆነው ፍሪትዝ ላንግ ሲሆን፣ ድርሰቱን የጻፈችው ያን ጊዜ ባለቤቱ የነበረችው ቴአ ፎን ሐርቡ ናት።

ታሪኩ የሚፈጸመው በመጪው ዘመን በምትገኝ ግዙፍ ከተማ ነው። ባለጸጎቹ ከላይ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ሲንደላቀቁ፣ ወዛደሮቹ ከመሬት በታች ይኖራሉ፤ በየፈረቃው 10 ሰዓት ከመኪና ጋር ይታገላሉ። (ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ ከፋብሪካው ሰዓቶች አንዱ ያሉት ቁጥሮች 10 ብቻ ናቸው።) የከተማይቱ ገዥ ልጅ ፍሬደር ግፉን በዓይኑ አይቶ፣ 11811 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ሠራተኛ ተክቶ ይሠራል። ሮትቫንግ የተባለው ሳይንቲስት ደግሞ ሠራተኞቹ የሚወዷትን ማሪያን የምትመስል ሮቦት ይልክባቸዋል። እርሷም ታሳምፃቸዋለች፤ ዋናውን መኪና ሲሰብሩ ግን ውኃው ልጆቻቸው ያሉባትን የራሳቸውን ከተማ ያጥለቀልቃል።

የፊዚክስ መምህራንን የሚስበው የከተማይቱ አሠራር ይመስለናል። እነዚያ ታላላቅ ሕንፃዎች አብዛኞቹ ሞዴሎች ነበሩ። ታዲያ ሰዎች በመካከላቸው ሲንቀሳቀሱ እንዴት ታዩ? ኦይገን ሹፍታን የተባለው ባለሙያ በካሜራው ፊት መስተዋት በ45 ዲግሪ አጋድሞ አቆመ። ሞዴሉን በጎን በኩል አድርጎ ምስሉ በመስተዋቱ ላይ እንዲንጸባረቅ አደረገ። ከዚያም ተዋንያኑ ሊታዩ ከሚገባበት ቦታ ላይ የመስተዋቱን ብር ፋቀው። የተፋቀው ክፍል ተራ ብርጭቆ ስለሆነ፣ ካሜራው በዚያ አሻግሮ ከሩቅ የቆሙትን ተዋንያን፣ በቀረው ክፍል ደግሞ የሞዴሉን ነጸብራቅ በአንድነት አነሣ። ሰው በመራቁ አነሰ፤ ሞዴሉ በመቅረቡ ገዘፈ። አሮጌ መስተዋትና ከካርቶን የተሠራ ትንሽ ቤት ያለው ክፍል ይህን ሊሞክረው ይችላል።

ሮቦቷም ብትሆን ብረት አይደለችም። ቀራጺው ቫልተር ሹልትሰ ሚተንዶርፍ በተዋናይቱ በብሪጊተ ሄልም የሰውነት ልክ፣ እንደ ሊጥ ከሚለሰልስና በኋላ ከሚደርቅ የእንጨት ውሕድ ሠርቶ፣ ብረት እስክትመስል ቀባት።

ፊልሙ ከ5 ሚሊዮን ማርክ በላይ ፈጀ፤ ገቢው ግን ወጪውን አልመለሰም። አሠሪው የኡፋ ኩባንያ በዕዳ ተዘፍቆ በዚያው ዓመት በከበርቴው በአልፍሬድ ሁገንበርግ እጅ ወደቀ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1933 በሂትለር ካቢኔ ሚኒስትር የሆነው ነው። በዚህ መካከል ፊልሙ በመቀስ ተጎዳ። አሜሪካኖቹ ካወጧቸው ክፍሎች አንዱ ስለ ሄል የሚናገረው ነበር። ሄል ሮትቫንግ ያፈቀራት፣ ነገር ግን የከተማይቱን ገዥ አግብታ ፍሬደርን ስትወልድ የሞተች ሴት ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ «ገሃነም» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ተቆረጠች! ሮትቫንግ ሮቦቷን የሠራው ግን ሟቿን ለመተካት ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ ለረጅም ጊዜ ሐዘንተኛውን ሰው እንዲያው ያለ ምክንያት ያበደ ሳይንቲስት አድርጎ ሲያየው ኖረ።

የጠፋው ክፍል የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። ከመቆረጡ በፊት የነበረ አንድ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ አርጀንቲና ተወስዶ ነበር። እርሱም በኋላ በጠባቡ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ተገልብጦ በቦነስ አይረስ የሲኒማ ሙዚየም ተቀመጠ፤ ምንነቱም በ2008 ታወቀ። ተጠግኖ በ2010 በበርሊን ሲታይ 25 ደቂቃ ያህል ተጨምሮለት ነበር። ዩኔስኮ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2001፣ ፊልሙን በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሮታል። በ1977 የወጣውን «የከዋክብት ጦርነት» ፊልም ያየ ሰውም የወርቃማውን ሮቦት ዘር ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

በፍጻሜው ግን አንስማማም። የገዥው ልጅ የአባቱንና የሠራተኞቹን አለቃ እጅ ያጨባብጣል፤ ጭንቅላትና ክንድ በልብ ታረቁ ይባላል። ስለ ሥራው ሰዓት፣ ስለ ደመወዙ፣ ከመሬት በታች ስላለው ቤት አንዲት ቃል አልተነገረም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1927 ፊልሙን በጽኑ ነቅፎ፣ መኪና የጉልበት ድካምን ያስቀራል እንጂ ባሪያ አያበዛም ሲል ተከራክሯል። ላንግ ራሱም በኋላ ይህን ፍጻሜ እንደማይቀበለው ተናግሯል። እርሱ በ1933 ጀርመንን ለቆ ሲወጣ፣ ቴአ ፎን ሐርቡ እዚያው ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆናለች። ዌልስ ትክክል ነበርን? ይህን ለተማሪዎች ክርክር እንተወዋለን።

ፊልሙን ለማሳየት የሚያስቡ መምህራን አስቀድመው ርዝመቱን ይመልከቱ። ወደ 2 ሰዓት ተኩል የሚጠጋው የ2010ሩ ቅጂ ነው። በ1984 ጆርጆ ሞሮደር ዘፈን ጨምሮ ያወጣው 80 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በረዥሙ ቅጂ ውስጥ ሥዕሉ በድንገት ጭረት የሚበዛበትና ጠርዙ የሚጠብበት ቦታ ያጋጥማል፤ ይህ የማሳያው መሣሪያ ብልሽት ሳይሆን ከቦነስ አይረስ የመጣው ክፍል ነው።