እህሉ በእንፋሎት፣ አትክልቱ በእሳት

ኩስኩስን አንድ ጊዜ ቀምሰው «ይሄ ደግሞ ምን ጣዕም አለው?» ብለው የተዉት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የቀመሱት አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን የተሸጠ፣ የፈላ ውሃ ተደፍቶበት አምስት ደቂቃ የተከደነ፣ ከላዩ የተቀቀለ ካሮት ጣል የተደረገበት ነው። ስለቀመሱት ነገር የሰጡት ፍርድ ትክክል ነው። ውሃ ብቻ የጠጣ ኩስኩስ ለዘብ ካለ የስንዴ ሽታ በቀር የሚያቀርበው የለውም። ጥሩ ጎኑ ሌላ ነው፤ የሰጡትን መረቅ፣ ዘይትና ቅመም እስከ ውስጡ ይመጥጣል። ስለዚህ ባለሙያ ሴቶች ኩስኩስ ሲሠሩ አስቀድመው የሚያስቡት ምን እንደሚያጠጡትና ከምን ጋር እንደሚያቀርቡት ነው።

በመጀመሪያ እይታ ኩስኩስ የተከካ እህል ይመስላል፤ አይደለም። ቅንጬ ስንዴው ወይም ገብሱ ተከክቶ የሚገኝ ሲሆን ኩስኩስ ግን ከተፈጨ በኋላ በእጅ እንደገና የሚሠራ ፍሬ ነው። መነሻው ፓስታና መኮሮኒ የሚሠራበት፣ ዱረም የሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ስንዴው ሸከር ብሎ ሲፈጭ ሰሞሊና ይሆናል። ሰሞሊናው በሰፊ ገበታ ላይ ተበትኖ ጨው ያለው ውሃ ይረጭበታል፣ ደቃቅ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ከዚያም በተዘረጋ መዳፍ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ይታሻል። ቀስ በቀስ ጥቃቅን ፍሬዎች መፈጠር ይጀምራሉ። በወንፊት ሲነፉ የተላለቁት ተመልሰው ይፈረካከሳሉ፣ የደቀቁት ወደ ገበታው ተመልሰው እንደገና ይታሻሉ። ልኩን ያገኘው በእንፋሎት ይበስልና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሥራው ብዙ እጅ ስለሚፈልግ የሰሜን አፍሪካ ሴቶች ከጎረቤትና ከዘመድ ጋር ተሰባስበው የዓመት ቀለብ በአንድ ላይ ያዘጋጁ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚያደርጉ አሉ።

ስንዴው ራሱ ለኢትዮጵያ ገበሬ ባዳ አይደለም። የሩሲያው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገሪቱን በጎበኘ ጊዜ በየማሳው ያየው የዱረም ስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆት ነበር። እህሉ እዚህ በአብዛኛው ወደ ዳቦ፣ ወደ ቂጣ፣ ወደ ቆሎና ቅንጬ፣ በኋላም ወደ ፓስታ ሄደ። ኩስኩስ ያደረጉት የማግሪብ (የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ) ሕዝቦች ናቸው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች አመጣጡን ከአማዚግ ማለትም ከበርበር ሕዝቦች ጋር ያያይዙታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአል አንዳሉስ (ከሙስሊም ስፔን) ተሰዶ ቱኒስ የኖረው ኢብን ራዚን አል ቱጂቢ ባዘጋጀው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የኩስኩስ አሠራር ተጽፎ ይገኛል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ የኩስኩስን አሠራርና አበላል በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። ጥያቄውን በጋራ ያቀረቡት አልጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዚያና ሞሪታኒያ ነበሩ። በአልጄሪያና በሞሮኮ መካከል ያለው የየብስ ድንበር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝግ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ሰነድ ላይ መስማማታቸው ትልቅ ነገር ነው።

በሞሮኮ ኩስኩስ የዓርብ ምግብ ነው። የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ቤተሰቡ አንድ ትልቅ ገበታ ከቦ ይቀመጣል። ሥራው ግን የሚጀመረው ከማለዳ ነው። ማብሰያው ሁለት ክፍል አለው፤ ከታች መረቅና አትክልት የሚንተከተክበት ድስት፣ ከላይ መቀመጫው እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ኬስካስ የሚባል ዕቃ። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እንፋሎት እንዳያመልጥ በቀጭን ሊጥ የተነከረ ጨርቅ ይጠመጠምበታል። ኩስኩሱ ከላይ ሆኖ ከሥሩ በሚወጣው የሽንኩርት፣ የሥጋና የቅመም እንፋሎት ይበስላል። አንድ ዙር ካለፈ በኋላ ገበታው ላይ ተገልብጦ ጨውና ውሃ ይረጭበታል፤ ዘይት ወይም ስሜን የሚባለው ጠንከር ያለ ሽታ ያለው የቆየ ቅቤ ይጨመርበታል፤ በመዳፍ እየታሸ ጓሉ ይፈታል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ እንፋሎቱ ይገባል። ሁለቴ ወይም ሦስቴ እንዲህ ከተመላለሰ በኋላ ፍሬው አብጦና ለስልሶ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣበቅ ይወጣል። መረቁ የሚፈስበት መጨረሻ ላይ ነው።

ሁሉም አገር የራሱን መረቅ ይሠራል። ቱኒዚያዎች በቲማቲምና ሐሪሳ በሚባለው የቃሪያና የነጭ ሽንኩርት ድቁስ ያቀሉታል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞቻቸው ከዓሣ ጋር ይበላል። ባሕሩን ተሻግሮ በሲሲሊ፣ ትራፓኒ አካባቢም ኩስኩስ ከዓሣ መረቅ ጋር የቤት ምግብ ሆኖ ኖሯል። በሴኔጋል ደግሞ ፍሬው ራሱ የሚሠራው በአብዛኛው ከስንዴ ሳይሆን የማሽላ ዘመድ ከሆነ ጥቃቅን እህል ነው።

አትክልቱን ከመረቁ አውጥቶ በኦቨን መጥበስ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ መንገድ ነው። ወግ አጥባቂ አብሳይ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ታዋቂውን የሞሮኮ «ባለ ሰባት አትክልት» ኩስኩስ ልብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ዛሬ በገበታው ላይ የማይታጡት ቲማቲም፣ ዱባና ዝኩኒ በዘር ሐረጋቸው ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው፤ ኢብን ራዚን በነበረበት ዘመን ማግሪብ ውስጥ አንዳቸውም አልነበሩም። ይህ ምግብ እንግዳ ሲቀበል የኖረ ነው። የተጠበሰ አትክልትም ይገባዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ካልተረሳ። አትክልቱ ከድስቱ ሲወጣ መረቁም አብሮ ይቀራል፤ ኩስኩሱ ደግሞ ያለ መረቅ ደረቅና ባዶ ነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ለየብቻ፣ እያንዳንዱ በራሱ ሕግ ተሠርተው መጨረሻ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ የጠፋውም መረቅ በሌላ መንገድ መመለስ አለበት።

የአትክልቱ ሕግ ድርቀት ነው። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ የአትክልቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ አይዘልም፤ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ውሃው ሲተን ግን ላዩ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ስኳሩና አሚኖ አሲዶቹ ተዋህደው ቡናማ ቀለምና አዲስ ሽታ ይፈጥራሉ። ይህን ሂደት በ1912 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚ ማያር ነው። የዳቦ ቅርፊትና የሚቆላ ቡና የሚያውዱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኦቨኑ አስቀድሞ እስከ 220 ዲግሪ ይግላል። አትክልቱ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ በጨርቅ መጥረግ የሚያሰለች ቢመስልም ልዩነቱ ይታያል። ካሮትና ዱባ በሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቆረጡና ዘይትና ጨው ተቀብተው ቀድመው ይገባሉ፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋሉ። ዝኩኒና ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ውሃ ስለሚበዛባቸውና ቶሎ ስለሚበስሉ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይተው ይከተላሉ። ደበርጃን ዘይት ይጠጣል፤ ቆጥቦ የሰጠው ሰው ቆዳ የመሰለ ነገር ያገኛል፣ ስለዚህ እጅ ሰፋ ማድረግ ይሻላል። ቲማቲም ግን ጭማቂው ሌላውን ስለሚያረጥብ ለብቻው በትንሽ ቴግሊያ (የኦቨን መጋገሪያ ብረት) ቢጠበስ ጥሩ ነው።

ከሁሉም በላይ አትክልቱ መደራረብ የለበትም። ቴግሊያው ሲሞላ ከሥር የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣና ሁሉንም ቀቅሎ ያስቀምጠዋል። በመካከላቸው የቴግሊያው ብረት መታየት አለበት፤ ካልበቃ ሁለት ቴግሊያ ይያዛል። በየደቂቃው ማገላበጥም አያስፈልግም፤ አንዱ ጎኑ እስኪቀላ ትቶ አንዴ መገልበጥ ይበቃል። ኦቨን በሌለበት ቤት ወፍራም የብረት መጥበሻ ወይም በደንብ የጋለ ምጣድ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሳይከደን፣ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ፣ በትዕግሥት።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ያልተላጠ ፍንካች ብዙም አይሸትም። ሲከተፍ ወይም ሲደቆስ ግን በተለያዩ ክፍሎቹ ተለያይተው የነበሩት አሊን የተባለ ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይገናኙና በቅጽበት አሊሲንን ይፈጥራሉ። የሚያቃጥለውና አፍ ላይ የሚቆየው እሱ ነው። ሙሉው ራስ ሳይከተፍ በእሳት ሲበስል ግን ሙቀቱ ኢንዛይሙን ቀድሞ ይገድለዋል። ማቃጠሉ ይቀርና ፍንካቹ እንደ ቅቤ የሚቀባ፣ ወደ ጣፋጭነት የሚያደላ ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የራሱ ጫፍ በቢላ ተቆርጦ የፍንካቾቹ አናት ይታያል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል፣ በፎይል ተጠቅልሎ በ200 ዲግሪ 40 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቀዝቀዝ ሲል ከሥሩ ጫን ሲሉት እየተንሸራተተ ይወጣል።

ለአራት ሰው ለሚሆን ኩስኩስ አንድ ሙሉ ራስ ቢገባበት እንኳ አይበዛበትም። ሆኖም የበሰለው ብቻ ከሆነ ምግቡ ለስላሳ ሆኖ ይቀርና የሚያነቃው ያጣል። ስለዚህ አንድ ትንሽ ጥሬ ፍንካች በሎሚ ጭማቂ ውስጥ ተደቁሶ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። አሲዱ የኢንዛይሙን ሥራ ስለሚገታው ሽታው ይኖራል፣ ማቃጠሉ ግን ይቀንሳል። ተከትፎ ከአትክልቱ ጋር ኦቨን የሚገባ ነጭ ሽንኩርት ግን አይመከርም፤ ካሮቱ ሳይበስል እሱ አርሮ ይመርራል።

ወደ እህሉ ስንመለስ፣ የካርቶኑ ኩስኩስ በፋብሪካ በእንፋሎት በስሎ የደረቀ ስለሆነ የሚቀረው ያጣውን ውሃ መመለስ ነው። ሁለት ኩባያ ኩስኩስ በሰፊ ሳህን ተደርጎ፣ ገና ደረቅ እያለ በሁለት የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በመዳፍ ይታሻል። ይህ ትንሽ ሥራ ፍሬዎቹ እንዳይጣበቁ ያደርጋል፤ የሞሮኮ ሴቶች በገበታው ላይ ከሚያደርጉት የተቀዳ ነው። ከዚያ ሁለት ኩባያ የሚንተከተክ መረቅ ይፈስበትና ይከደናል። መረቁ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከካሮት ቁራጭ፣ ከድንብላል አገዳና ከሽምብራ ቅቅል ውሃ ሊሠራ ይችላል፤ ቆላ ተደርጎ የተፈጨ ከሙንና ድንብላል፣ ጥቂት እርድ፣ ከተወደደም ቀረፋ ይገባበታል። አምስት ደቂቃ የሚለው የካርቶኑ መመሪያ የተጻፈው ለቆላ አገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መረቁ ከእሳት እንደወረደ ወዲያው መፍሰስና ክዳኑ አሥር ደቂቃ ያህል ሳይነሳ መቆየት አለበት። ሲከፈት በማንኪያ አይታሽም፤ በሹካ እየተነሳ ይበተናል።

አሁን የጠፋው መረቅ ይመለሳል። አትክልቱ ከቴግሊያው ከወጣ በኋላ ብረቱ ላይ ተጣብቆ የቀረው ቡናማ ነገር መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሊገባ አይገባውም፤ የጣዕሙ ግማሽ እዚያ ነው። ጥቂት ትኩስ መረቅ ይፈስበትና በእንጨት ማንኪያ ይፋቃል። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የበሰለው ነጭ ሽንኩርት ተፈጭቶ ይበጠበጥና ሁሉም ኩስኩሱ ላይ ይፈስሳል። ቀጥሎ የተቀቀለ ሽምብራ፣ አትክልቱ፣ የሎሚና የጥሬ ነጭ ሽንኩርቱ ውህድ፣ በመጨረሻም የድንብላል ቅጠልና ናና። ሐሪሳ ከተገኘ በጎን ይቀርባል፤ ካልተገኘ በዘይት የተበጠበጠ አዋዜ ቦታውን ይሸፍናል። ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ለጾም ይሆናል፤ ስንዴ ግን ስለሆነ ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች አይሆንም።

ኩስኩስን ከእስራኤል ውጭ «የእስራኤል ኩስኩስ» እየተባለ ከሚሸጠው ፕቲቲም ጋር እንዳያምታቱት ማስታወስ ይጠቅማል። ፕቲቲም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሩዝ ባነሰበት ጊዜ፣ ኦሴም የተባለው የእስራኤል ፋብሪካ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በቤን ጉሪዮን ጥያቄ የሠራው፣ በምድጃ የተጠበሰ የፓስታ ፍሬ ነው። እንደ ፓስታ መቀቀል ይፈልጋል፤ ከላይ የተባለው የውሃ ልክ አይሠራለትም። አትክልቱና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ለእሱም ይስማማሉ።

የተረፈ ኩስኩስ በማግስቱ ደረቅ ይሆናል፤ ውሃ ረጭ ተደርጎበት በእንፋሎት ቢሞቅ ይመለሳል፣ ቀዝቃዛውን በሎሚና በዘይት መብላትም ይቻላል። የበሰለ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተነክሮ ከተረፈ ግን ከማቀዝቀዣ ውጭ ማደር የለበትም፤ አየር በማይደርስበት ዘይት ውስጥ የቦቱሊዝም መርዝ ሊፈጠር ስለሚችል በአራት ቀን ውስጥ ማለቅ ይኖርበታል። ሞሮኮዎች ደግሞ በሙቀት ወራት የቀዘቀዘ ኩስኩስ፣ በተለይ ከገብስ የተሠራውን፣ በአሬራ አርሰው ይበሉታል፤ ሳይኩክ ይሉታል፣ መንገድ ላይም ይሸጣል።