ችግኝ ቆራጩ ትልና የእሳት እራት

ማታ ኩራዝ ሲበራ በብርሃኑ ዙሪያ የምትዞረውን የእሳት እራት ሁላችንም እናውቃታለን። ጠዋት ደግሞ የጎመን ወይም የበቆሎ ቡቃያ ከግንዱ ተቆርጦ መሬት ላይ ወድቆ እናገኛለን። ሁለቱ ምን አገናኛቸው? ቡቃያውን የቆረጠው ትል የእሳት እራት ልጅ ነው።

የእሳት እራት ብዙ ዓይነት ነች። የቆራጭ ትል እናት ክንፏ እንደ አፈር ቡናማ ነው። እንቁላሏን በአረምና በእርጥብ አፈር ላይ ትጥላለች። አንዲቷ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ትሉ ይፈለፈላል። መጀመሪያ የአረም ቅጠል ይበላል። ሲያድግ ቀን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ቡቃያ ይቆርጣል። ከጠገበ በኋላ አፈር ውስጥ ቡናማ ልባስ ለብሶ ይተኛል። ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ይህ ሁሉ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይፈጃል።

ከተምች ጋር አታምታቱት። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው መጤ ተምች በቆሎው አናት ላይ፣ ቅጠል መሀል ገብቶ ይበላል። ቆራጭ ትል ግን የሚገኘው አፈር ውስጥ ነው። ወፍራምና ለስላሳ ነው። ሲነኩት ይጠቀለላል።

ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ኑሯችን በቡናና በእንሰት ነው። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት፣ አራት ዓመት ይጠበቃል። ትሉ በመደብ ላይ ያለውን ችግኝ በአንድ ሌሊት ከቆረጠው የመትከያው ወቅት ያልፋል። የጠፋው ችግኝ ብቻ አይደለም፤ አንድ ዓመትም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከመዝራታችን ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድመን አረሙን እናጥፋ፤ መሬቱንም እንቆፍር። ምግብ ያጣ ትል ይሞታል። የወጣውን ደግሞ ዶሮና ወፍ ይለቅመዋል።

ሁለተኛ፣ ጠዋት በማለዳ የተቆረጠውን ቡቃያ ዙሪያ በጣት እንጫር። ትሉ ሩቅ አይሄድም፤ እዚያው ይገኛል። ለቅመን እንግደለው።

ሦስተኛ፣ ችግኙን በደረቀ ኮባ እንክበበው። የኮባው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ይግባ። ዓመድም መነስነስ ይቻላል፤ ዝናብ ሲያጥበው ግን እንደገና ይነስነስ።

መርዝ ለመርጨት አትቸኩሉ። መርዝ ንብንም ይገድላል። አስቀድማችሁ የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ።

አንድ ሰው ብቻውን ቢያርም የጎረቤቱ አረም ትሉን ይቀልበዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ላላነበበው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።