ስለ ነቀርሳ በሽታና ስለ ሰውነታችን ዘበኞች

ነቀርሳ ወደ ቤተ ሰብ የሚገባው በሳልና በትንፋሽ ብቻ አይደለም፤ ካልተፈላ ወተትም ይገባል። በመካከለኛው ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2007 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በታተመው ምርመራ፣ የፈረንጅ ላሞች ከሐበሻ ላሞች ይልቅ በዚህ በሽታ ተይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር ላም ለሚያልቡ ቤቶች ሁሉ ነገሩ የቅርብ ነገር ነው።

የነቀርሳው ተሕዋስ ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ አስቀድሞ የሚውጠው ማክሮፋጅ የሚባለው ዘበኛ ነው። ነገር ግን ተሕዋሱ በዋጠው ዘበኛ ውስጥ ሳይሞት ተሸሽጎ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ ዴንድሪቲክ የሚባለው ሌላ ዘበኛ ከጠላት አካል ቁራሽ ይዞ ወደ ዕጢ ይሄድና ቲ ሴል ለሚባሉት ወታደሮች ያሳያቸዋል። ዳኛ በአንድ ምስክር እንደማይፈርድ፣ ቲ ሴልም ቁራሹን በማየት ብቻ አይነሣም። ያመጣው ዘበኛ በገላው ላይ ባለው ምልክት ሲያጸናለት፣ ኢንተርሉኪን 12 የሚባለውንም መልእክት ሲያፈስስለት፣ ያን ጊዜ ይነቃል፣ ይበዛል፣ ወደ ሳንባም ይመለሳል። በዚያም ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ማክሮፋጁም ትእዛዙ ሲደርሰው የዋጠውን ጠላት ለመግደል ኃይል ያገኛል።

የዚህ መልእክት ጥቅም የሚታወቀው፣ መልእክቱን ለመስጠት ወይም ለመቀበል የማይችሉ ሆነው በሚወለዱ ጥቂት ሕፃናት ነው፤ ሌላውን የማይጎዳ ደካማ ተሕዋስ እንኳ እነርሱን ያሳምማቸዋል።

የከብት ሐኪሞችም በላሟ አንገት ቆዳ ውስጥ ቱበርኩሊን ወግተው ከ3 ቀን በኋላ እብጠቱን ይለካሉ፤ ቆዳው የሚያብጠው ጠላትን የሚያውቁት ቲ ሴሎች ወደ ስፍራው ስለሚጠሩ ነው።

ካልሜትና ጌራን የተባሉ ፈረንሳውያን የላም ነቀርሳ ተሕዋስን 13 ዓመት ሲያደክሙ ቆይተው በ1921 ለሕፃን ክትባት እንዲሆን ሰጡት። ቢሲጂ የተባለው ይህ ክትባት ቲ ሴሎችን ጠላት ሳይመጣ ያስተምራቸዋል። በአገራችን መደበኛው የሕፃናት ክትባት በ1980 ተጀምሯል፤ ቢሲጂም ሕፃኑ እንደ ተወለደ ይሰጣል። ይልቁንም ወደ አንጎል የሚደርሰውን ብርቱ ነቀርሳ ይከላከላል፤ ለትልልቅ ሰዎች ግን የታመነ ጋሻ አይደለም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ሕፃኑን በተወለደ ጊዜ አስከትቡ፤ ወተቱን አፍሉ፤ ሳሉ 2 ሳምንት የቆየበትንም ሰው ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ዘበኞቹ በሰውነታችን ውስጥ ቢተጉም፣ የቤቱን በር መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነውና።