የቀዶ ጥገና ሲሙሌሽን ሥልጠና

የቀዶ ጥገና ሲሙሌሽን ሥልጠና ሐኪሞች በታካሚ ላይ ከመሥራታቸው በፊት የመሣሪያዎችን አያያዝ በሳጥን፣ በሰው ሠራሽ አካል ወይም በኮምፒውተር የሚለማመዱበት የትምህርት ዘዴ ነው። በተለይ ለላፓሮስኮፒ ቀዶ ጥገና በሰፊው ይሠራበታል።

ታሪክ

ሱሽሩታ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ የሕክምና መጽሐፍ ተማሪዎች መቅደድን በቅል፣ በሐብሐብና በኪያር ላይ እንዲለማመዱ ያዝዛል። በዘመናዊው ሕክምና ግን ሌላ ልማድ ሰፈነ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዊልያም ሃልስተድ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በዘረጋው ሥርዓት፣ ሠልጣኙ በአስተማሪው ሥር ሆኖ ታካሚዎችን እያከመ ደረጃ በደረጃ ኃላፊነት ይረከብ ነበር።

ላፓሮስኮፒ የዚህን ልማድ ጉድለት አጋለጠ። ጀርመናዊው ኤሪክ ሙሄ እ.ኤ.አ. በ1985 የሐሞት ከረጢትን በዚህ ዘዴ አወጣ። ዘዴው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፍጥነት ሲስፋፋ በሐሞት ቱቦ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች ጨመሩ፤ ሆድ ከፍተው መሥራትን የተካኑ ሐኪሞችም እጃቸውን እንደ አዲስ ማሠልጠን ነበረባቸው።

የመሣሪያዎቹ አስቸጋሪነት

በላፓሮስኮፒ ካሜራና ረጃጅም መሣሪያዎች በትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ሆድ ይገባሉ፤ ሐኪሙ የሚሠራውን የሚያየው በስክሪን ነው። መሣሪያው በቀዳዳው ላይ ተደግፎ ስለሚዞር እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ እጅ ዝቅ ሲል ጫፉ ከፍ ይላል። ምስሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ርቀትን መገመት ያስቸግራል። በጣት ዳስሶ የመለየት ዕድልም ይጠፋል። ይህን እጅ የሚለምደው በድግግሞሽ ብቻ ነው።

የልምምዱ ዓይነቶች

ቀላሉ መሣሪያ ክዳኑ ላይ ቀዳዳዎች ያሉትና ውስጡን ካሜራ የሚያሳየው ሳጥን ነው። በአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ቦርድ ፈተና ለመቀመጥ ማለፍ ግድ የሆነው የላፓሮስኮፒ መሠረታዊ ክህሎት ፈተና በእንዲህ ያለ ሳጥን 5 ተግባራትን ያሠራል፦

• 6 ትናንሽ ቁሶችን ከአንዱ እጅ መሣሪያ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ከችካል ወደ ችካል ማዛወር፤
• በጨርቅ ላይ የተሣለን ክብ ተከትሎ መቁረጥ፤
• የክር ቀለበት አስገብቶ ማሰር፤
• ሰፍቶ ክሩን ከሳጥኑ ውጭ መቋጠር፤
• ሰፍቶ በሳጥኑ ውስጥ መቋጠር።

ውጤቱ የሚለካው በፈጀው ጊዜና በስህተት ነው።

በኮምፒውተር የሚሠራው ዓይነት የእጅን እንቅስቃሴ ራሱ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የየል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 16 ሬዚደንቶች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። በኮምፒውተር የባለሙያ ደረጃ እስኪደርሱ የተለማመዱት፣ በእውነተኛ ቀዶ ጥገና የሐሞት ከረጢትን ከጉበት የመለየቱን ሥራ 29 በመቶ ፈጥነው ጨረሱ። ያልተለማመዱት ከረጢቱን የመጉዳት ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል የማቃጠል ዕድላቸው 5 እጥፍ ነበር።

ገደቦች

ሳጥን ደም አይፈስሰውም፤ የአካል አቀማመጥም ከሰው ሰው እንደሚለያይ አያሳይም። መቼ መቁረጥ፣ መቼ ማቆም ወይም ሆድ ከፍቶ ወደ መሥራት መዞር እንደሚገባ የሚወስን ዳኝነት የሚገኘው በቀዶ ክፍል፣ ከአስተማሪ ጋር ነው። ሆኖም እጁን አስቀድሞ ያሠለጠነ ሐኪም በቀዶ ክፍል ሐሳቡን ከመሣሪያው ይልቅ በታካሚው ላይ ማድረግ ይችላል። ለመነሻ የሚሆነው ሳጥን ከካርቶንና ከስልክ ካሜራም ሊሠራ ስለሚችል፣ ልምምዱ ውድ መሣሪያ ለሌላቸው የሥልጠና ተቋማትም የሚደረስበት ነው።