ጥዝዝታውን ተውልን

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ውስጥ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ፣ ማሲንቆና ዋሽንትን ከኪቦርድ ጋር ያዋሐደ የሙዚቃ ምሽት ታድሜ ነበር። መሐል ላይ አንድ በገና ደርዳሪ ወጡ። ገና ሁለት አውታር እንደነኩ የድምፅ ባለሙያው ደንግጦ ገመዱን ይነቅል ይሰካ ጀመር። «ስፒከሩ ተቀዷል» አለ። ሰውየው ፈገግ ብለው «አይ ልጄ፣ በገናው ነው» አሉት።

በገና አሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ከየቤቱ የሚሰማ መሣሪያ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። (ፎቶ ሥር ክራሩን «በገና» እያላችሁ የምትጽፉ ግን አውታር መቁጠር ምን ያህል ይከብዳል?)

እኔን የሚያንገበግበኝ የእንዚራ ነገር ነው። አውታሩ ከበግ አንጀት የተገመደ ነው፤ ወፍራምና ልል ስለሆነ ብቻውን ሲመቱት ድምፁ ዱልዱም ነው። ስለዚህ አውታሩ ሰፊው በርኩማ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባበታል፤ እንዚራ የሚባለው ይኸው ነው። ቆዳው በፀጉር ስፋት ገፋ ወይም ሳብ ሲል፣ አውታሩ ሲርገበገብ በርኩማውን ለጥቂት ይዳስሰዋል። ከዚያ ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ የሚመስለው ጥዝዝታ ይወለዳል፤ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆችም አብረው ይነሣሉ። ሕንዶችም ታንፑራቸው ላይ በአውታሩ ሥር ክር እያስገቡ ይህንኑ ያደርጋሉ። ደርዳሪ አሥሩንም እንዚራ አንድ በአንድ ሲያስተካክል ጊዜ ይፈጃል፤ ያኔ «መቼ ነው የሚጀምሩት?» እያላችሁ አታጉረምርሙ።

እንጦጦ ተወልደው ያደጉት በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን በገና በኢትዮፒክስ 11ኛ አልበም ላይ የሰማ ሰው፣ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ምን ያህል እንደሚቀርብ ያውቃል። ቃሉን ተሸክሞ ጆሯችን የሚያደርሰው ያ ጥዝዝታ ነው።

በዚያ ምሽት የድምፅ ባለሙያው ግን አልተረታም፤ «ጩኸቱን» በማጣሪያው ቆረጠው። በገናው ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ፣ ዱብ ዱብ ብቻ ሆነ። ደርዳሪው እጃቸውን ሰበሰቡና ማይክራፎኑን በእርጋታ ገለል አድርገው እንደገና ጀመሩ። ወዲያው ከኋላ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ አዳራሹ በሙሉ ወደ ፊት እየተጠጋ ነበር።