የማይለቅ ፍሬን ስንት ያስወጣል?

ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ሲሸጥ ከሻጭም ሆነ ከደላላ አፍ ከማይጠፉት ቃላት አንዱ «የፊት ፍሬኑ ቶሎ አይለቅም እንጂ ሌላ እንከን የለበትም» የሚለው ነው። ይህን የሰማ ገዢ ወይ ችግሩን ንቆ ያልፈዋል፣ ወይ ደንግጦ ዋጋ ይሰብራል። ሁለቱም ግምት ነው። የማይለቅ ፍሬን አንዳንዴ በጥቂት ግራሶና በአጭር ሰዓት ሥራ ይድናል፤ አንዳንዴ ፖምፓና ካሊፐር ያስለውጣል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንድ መፍቻና ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ጉዳዩ ለኮልፌ ቀራንዮ ነጋዴ ቀላል አይደለም። ክፍለ ከተማው መርካቶ ከሚገኝበት ከአዲስ ከተማ ጋር ስለሚዋሰን ከመርካቶ የተገዛ ቀላል ዕቃ ወደ አየር ጤና፣ ዓለም ባንክና ቤቴል ለማድረስ ሞተር ብስክሌት ጊዜ ይቆጥባል። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች እንዳይንቀሳቀሱ በመከልከሉ የገዢው የመጀመሪያ ሥራ ሰነድ ማየት ሆኗል። ሁለተኛው የጥገና ወጪን ማስላት ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነውና ያልተበላሸ ዕቃ መለወጥ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቀድሞው ከፍ ያለ ነው።

ፍሬን እንዴት ይለቃል?

በባለዲስክ ፍሬን እጀታው ሲጨበጥ ፖምፓው ፈሳሹን በቱቦ ወደ ካሊፐር ይገፋል። ፈሳሹ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ሸራውን፣ ሸራው ዲስኩን ይጫናል። እጀታው ሲለቀቅ ግን ፒስተኑን ወደኋላ የሚስብ ሞላ በካሊፐሩ ውስጥ የለም። ይህን የሚያደርገው ፒስተኑን የከበበው ጎሚኒ ነው፤ ሲገፋ ትንሽ ይጣመማል፣ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ይዞት ይመለሳል። ፈሳሹም በፖምፓው ውስጥ ባለች በጣም ጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

አሮጌ ሞተር ላይ በብዛት የሚታየው እንግዲህ ይህ ነው፤ ጎሚኒው የተቀመጠበት ቦይ በዝገትና በደረቀ ፈሳሽ ይሞላል፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ይደርቃሉ፣ ወይም የፖምፓዋ ቀዳዳ ትደፈናለች።

ጥፋቱን መለየት

በመጀመሪያ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ በእጅ ይሽከረከራል። ሸራው ዲስኩን ነካ ነካ ሲያደርግ የሚሰማው ስስ ድምፅ ጤነኛ ነው። ጎማው ወዲያው ከቆመ ግን ፍሬኑ ይዟል። በዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ዲስኩ መጣመሙ ይጠረጠራል።

ቀጥሎ ፍሬኑ እንደያዘ በካሊፐሩ ላይ ያለችው የአየር ማውጫ ብሎን በጨርቅ ተሸፍና በትንሹ ትላላለች። ጎማው ካልለቀቀ ጥፋቱ ከካሊፐሩ ነው። ፈሳሽ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ግን ከላይ የታመቀ ግፊት አለ ማለት ነው። ያኔ ብሎኗ ተጠብቃ፣ እጀታው ተጨብጦ ፍሬኑ እንደገና እንዲይዝ ይደረግና ቱቦው ከፖምፓው ጋር የሚገናኝበት ብሎን ይላላል። በዚህ ከለቀቀ ችግሩ ፖምፓው ጋ ነው፤ ካልለቀቀ በውስጡ ያበጠ አሮጌ ቱቦ ፈሳሹን እንዳይመለስ አግቶታል። ከሙከራው በኋላ የገባው አየር ሳይወጣ ሞተሩን መንዳት አደጋ ነው።

ፖምፓ ከመለወጥ በፊት ሁለት ነገር ይታያል። እጀታው ፖምፓውን ዘወትር የሚጫን ከሆነ፣ ወይም ማጠራቀሚያው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ቦታ ካጣ፣ ጤነኛ ፍሬንም አይለቅም። ለእነዚህ መለዋወጫ አያስፈልግም።

«ዘይት» የሚለው ስም ያመጣው ጣጣ

በእኛ አገር የፍሬን ፈሳሽ «የፍሬን ዘይት» ይባላል። ይሁን እንጂ በተለምዶ የሚሠራባቸው ዶት 3 እና ዶት 4 ከነዳጅ ዘይት ወገን አይደሉም። የሞተር ዘይት የተጨመረበት ወይም በቤንዚንና በናፍታ የታጠበ ፍሬን ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፒስተኑን አይለቅም። ወጪ ለመቆጠብ የተደረገው እጥበት ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያስለውጣል ማለት ነው። ማጠቢያው የፍሬን ማጽጃ ወይም ራሱ የፍሬን ፈሳሽ ነው።

ፈሳሹ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይመከራል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ነው። የማይለቅ ፍሬን ያለማቋረጥ ይግላል። ፈሳሹ ከፈላ እጀታው ባዶውን ይጨበጣል፤ ሲይዝ የከረመው ፍሬን ቁልቁለት ላይ አልይዝም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለታምቡር የፊት ፍሬን ያላቸው ሞተሮች ምርመራ ይቀላል። ገመዱ ዝጎ ወይም ከልክ በላይ ተወጥሮ፣ ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ ደርቆ፣ ወይም መላሽ ሞላው ላልቶ ሊሆን ይችላል። ግራሶው ለዘንጉ በስሱ ይቀባል፤ ሸራውን ከነካ ፍሬኑ ይሳነዋል።

ለድርድር የሚበጀው

እንግዲህ ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ምርመራውን ቢያስደርግ ድርድሩ በማስረጃ ይሆናል። እጥበትና ጎሚኒ የሚበቃው ፍሬን ብዙ ዋጋ አያስቀንስም፤ ፒስተኑ በዝገት የተቦረቦረ ካሊፐር ግን ያስቀንሳል። ሻጩም ቢሆን አስቀድሞ ቢያስጠግን በጎሚኒ ዋጋ የካሊፐር ቅናሽ ከመስጠት ይድናል። ምርመራውን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመ ገዢው ሒሳቡን በከባዱ ወጪ መሥራት ይኖርበታል።