የንግግር እንግሊዝኛና የማኅበራዊ ሥነ ልሳን ቁልፍ ቃላት

ማኅበራዊ ሥነ ልሳን ወይም ሶሲዮሊንጉዊስቲክስ ቋንቋና ኅብረተሰብ ያላቸውን ግንኙነት የሚያጠና የሥነ ልሳን ዘርፍ ነው። አንድን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ለምን በተለያየ መንገድ እንደሚናገሩት፣ ልዩነቱም ከትውልድ ቦታ፣ ከዕድሜ፣ ከፆታ፣ ከሥራና ከኑሮ ደረጃ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ይመረምራል። ብዙዎቹ የዘርፉ መሠረታዊ ጥናቶች የተካሄዱት በሚነገር እንግሊዝኛ ላይ ስለሆነ፣ የዘርፉ ቃላት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ምሳሌዎች ይብራራሉ። ጥናቶቹ በተደጋጋሚ ያሳዩት ነገር ቢኖር፣ ሰዎች «ትክክለኛ» ወይም «የተበላሸ» የሚሉት አነጋገር የሚለየው በቋንቋው አሠራር ሳይሆን ለተናጋሪው በሚሰጠው ቦታ መሆኑን ነው። በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዘዬ፣ ቅላፄ እና መደበኛ ቋንቋ

ዘዬ የራሱ ቃላት፣ ሰዋስውና አነባበብ ያለው የአንድ ቋንቋ ዓይነት ነው። የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የሸዋ አማርኛ የሚለያዩት በዘዬ ነው። ቅላፄ ወይም አክሰንት ግን አነባበብን ብቻ ይመለከታል። ስለዚህ አንድ ሰው በመደበኛ እንግሊዝኛ ሰዋስው እየተናገረ የስኮትላንድ ቅላፄ ሊኖረው ይችላል። በሥነ ልሳን አገባብ ቅላፄ የሌለው ሰው የለም፤ «ቅላፄ የለውም» የሚባለው ሰው ሰሚው የለመደውን ቅላፄ የሚናገር ነው።

መደበኛ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በመንግሥት ሥራና በኅትመት የሚሠራበት ዘዬ ነው። በእንግሊዝ አገር ለረጅም ጊዜ እንደ መለኪያ የታየው አነባበብ ሬሲቭድ ፕሮናንሲዬሽን ይባላል። የድምፅ ሊቁ ዳንኤል ጆንስ በ1917 ባሳተሙት የአነባበብ መዝገበ ቃላት ይህንን አነባበብ የመዘገቡት፣ ሀብታም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በሚልኩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስም ነበር፤ የአሁኑን ስም የተጠቀሙት በ1926 እትም ነው። አነባበቡ መለኪያ የሆነው ተናጋሪዎቹ ሥልጣንና ሀብት ስለነበራቸው እንጂ ከሌሎቹ የበለጠ ግልጽ ስለሆነ አይደለም።

የድምፅ ቃላት

ፎኒም የቃልን ትርጉም የሚለይ ትንሹ የድምፅ ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ «ፒን» እና «ቢን» የሚለያዩት በአንድ ፎኒም ብቻ ነው። ሮቲክ የሚባለው ቅላፄ ከአናባቢ በኋላ የሚመጣውን «ር» ያሰማል፤ ሮቲክ ያልሆነው ግን ይውጠዋል። አብዛኞቹ አሜሪካውያን፣ ስኮትላንዳውያንና አየርላንዳውያን «ካር» ሲሉ፣ አብዛኛው የእንግሊዝ አገር ሰው «ካ» ብሎ አናባቢውን ያስረዝማል። ኢንቶኔሽን ደግሞ በንግግር ውስጥ የድምፅ መውጣትና መውረድ ነው። በንግግር እንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የቃላቱ ቅደም ተከተል ሳይለወጥ፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ ከፍ በማለቱ ብቻ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ተለዋዋጭ

ማኅበራዊ ተለዋዋጭ ማለት ተመሳሳይ ነገር ለመናገር ከአንድ በላይ መንገድ ያለውና ምርጫው ከኅብረተሰቡ ክፍፍል ጋር የሚያያዝ የቋንቋ ነጥብ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ያስፋፉት አሜሪካዊው ዊልያም ላቦቭ (1927–2024) ናቸው። በ1963 የታተመው ጥናታቸው ማርታስ ቪንያርድ በምትባል የማሳቹሴትስ ደሴት ላይ የተካሄደ ነበር። ደሴቲቱ በበጋ በእንግዶች ትጥለቀለቃለች። ላቦቭ እንዳገኙት፣ በተለይ ከደሴቲቱ ኑሮ ጋር ራሳቸውን ያስተሳሰሩ ሰዎች «ራይት» እና «ሃውስ» በመሳሰሉ ቃላት ውስጥ ያለውን አናባቢ በድሮው የአካባቢው መንገድ አጠንክረው ይናገሩ ነበር። አነባበቡ «እኛ የዚህ ሰዎች ነን» የማለት ያህል ነበር።

በይበልጥ የሚታወቀው ጥናታቸው በኒው ዮርክ ከተማ የተካሄደው ነው። ላቦቭ ሳክስ፣ ሜሲስ እና ኤስ ክላይን ወደሚባሉ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ሄዱ። የመጀመሪያው ለሀብታሞች፣ ሁለተኛው ለመካከለኛው፣ ሦስተኛው ለአነስተኛ ገቢ ደንበኞች የሚሸጥ ነበር። በአራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኝ ስለሚያውቁት ዕቃ ሠራተኞቹን ይጠይቃሉ። መልሱ «ፎርዝ ፍሎር» ስለሚሆን ሁለት ጊዜ «ር»ን የማሰማት ዕድል አለ። ከዚያም ያልሰሙ መስለው «ይቅርታ?» በማለት መልሱን በጥንቃቄ እንዲደገም ያደርጋሉ። በዚህ መንገድ የ264 ሠራተኞችን አነጋገር መዘገቡ። «ር»ን ሁልጊዜ ወይም አንዳንዴ ያሰሙት በሳክስ 62 በመቶ፣ በሜሲስ 51 በመቶ፣ በክላይን 20 በመቶ ሆኑ። ሠራተኞቹ ሲደግሙም «ር» ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ይህ ውጤት ከእንግሊዝ አገር ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ይጎላል። በኒው ዮርክ «ር»ን ማሰማት የክብር ምልክት ሲሆን፣ በእንግሊዝ ግን የሚከበረው አነባበብ «ር»ን የሚውጠው ነው። አንድ ድምፅ በአንዱ አገር ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ደረጃ ሊያሳይ ከቻለ፣ ደረጃው የመጣው ከድምፁ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው ማለት ነው።

ላቦቭ ሌላም ችግር ስም አውጥተውለታል፤ የተመልካች ተቃርኖ ይባላል። አጥኚው የሚፈልገው ሰዎች ማንም ሳይከታተላቸው የሚናገሩትን ንግግር ነው፤ ንግግሩን ለማግኘት ግን መከታተል አለበት። የመደብሮቹ ዘዴ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ነበር።

ግልጽ ክብርና ስውር ክብር

ግልጽ ክብር ለመደበኛው አነጋገር በይፋ የሚሰጠው ዋጋ ነው። ስውር ክብር ደግሞ መደበኛ ያልሆነ አነጋገር በራሱ ተናጋሪዎች ዘንድ ያለው ዋጋ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ትራድጊል በኖሪች ከተማ ሰዎች የራሳቸውን አነጋገር እንዲገምቱ ጠይቀው ነበር። ብዙ ሴቶች ከሚናገሩት ይልቅ ወደ መደበኛው የቀረበ አነጋገር እንዳላቸው ሲናገሩ፣ ብዙ ወንዶች ደግሞ ከእውነታው ይልቅ ከመደበኛው የራቀ አነጋገር እንዳላቸው ተናገሩ። ሰዎች የሰፈራቸውን አነጋገር የማይተዉት መደበኛውን ባለማወቅ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

በውይይት ውስጥ

ሬጂስተር እንደ ሁኔታው የሚመረጥ አነጋገር ነው፤ አንድ ሐኪም ለባልደረባውና ለታካሚው የሚናገረው በተለያየ ሬጂስተር ነው። ማስተካከል ደግሞ ሰው ከሚያነጋግረው ሰው አነጋገር ጋር መቀራረቡ ወይም ሆን ብሎ መራቁ ነው።

ተራ መቀባበል ተናጋሪዎች ማን መቼ እንደሚናገር የሚስማሙበት ሥርዓት ሲሆን፣ በ1974 በሳክስ፣ ሼግሎፍና ጄፈርሰን ጥናት በሰፊው ተተንትኗል። «ዌል» እና «ዩ ኖው» የመሳሰሉ የንግግር ምልክቶች በዚህ ውስጥ ሥራ አላቸው፤ ተራን ያቆያሉ፣ አሳብን ያገናኛሉ። በአማርኛም «ማለቴ» እና «እንትን» ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ብራውንና ጊልማን በ1960 ባሳተሙት ጥናት ተውላጠ ስሞች ሥልጣንንና ቅርበትን እንዴት እንደሚያሳዩ መርምረዋል። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ» እና «እርስዎ» አለው። እንግሊዝኛም ድሮ ለአንድ ሰው የሚሆን «ዛው» የሚል ተውላጠ ስም ነበረው፤ ከተለመደው ንግግር ስለጠፋ ዛሬ አክብሮት የሚገለጸው በማዕረግ፣ በስም አጠራርና በትሕትና አነጋገር ነው።

ኮድ መቀያየር በአንድ ንግግር ውስጥ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መሻገር ነው። በአማርኛ ጉራማይሌ የሚባለው አነጋገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። «ፋይሉን ዴሊት አደረገው» በሚለው አባባል «ፋይል» የአማርኛ ምዕላድ ሲቀበል፣ «ዴሊት» ግን ራሱ አይረባም፤ እርባታውን የሚሸከመው «አደረገ» ነው። ስለዚህ ቅልቅሉም ደንብ አለው።

ፍርድና ውጤቱ

በአነጋገር ላይ የሚሰጥ ፍርድ በትምህርት፣ በመኖሪያና በሥራ ዕድል ላይ ውጤት አለው። በአፍሪካ አሜሪካውያን እንግሊዝኛ «ሂ ቢ ዎርኪንግ» ማለት «ዘወትር ይሠራል» ሲሆን፣ «ሂ ዎርኪንግ» ደግሞ «እየሠራ ነው» ማለት ነው። መደበኛ እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ስሕተት ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች ናቸው። በሚሺጋን በአን አርቦር ከተማ ጥቁር ወላጆች ትምህርት ቤቱ የልጆቻቸውን የቤት ቋንቋ ባለመረዳቱ ልጆቹ ማንበብ እንዳይማሩ እንቅፋት ሆኗል ብለው ከሰሱ። በ1979 ዳኛ ቻርልስ ጆይነር መምህራን የልጆቹን ዘዬ እንዲያውቁና መደበኛ እንግሊዝኛ ማንበብን ሲያስተምሩ በዕውቀቱ እንዲጠቀሙ የሚያስችል ዕቅድ እንዲወጣ ወሰኑ። በችሎቱ ላቦቭም የባለሙያ ምስክርነት ሰጥተዋል።

ጆን ባው እና ባልደረቦቻቸው በ1999 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ባው ራሳቸው በሦስት ዘዬዎች ለአከራዮች ስልክ ሲደውሉ፣ ቤቱን የማየት ቀጠሮ የማግኘት ዕድላቸው እንደ ዘዬውና እንደ ሰፈሩ ይለያይ ነበር። በዚህ መንገድ በድምፅ ብቻ ሰውን መለየትና ማግለል የቋንቋ መድልዎ ይባላል።

ጉዳዩ ወደ ኮምፒዩተርም ተሻግሯል። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት የአምስት ትልልቅ ኩባንያዎችን ንግግር ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሥርዓቶች መርምሯል። በአማካይ የነጮች ንግግር የስሕተት መጠን 19 በመቶ ሲሆን፣ የጥቁሮች ግን 35 በመቶ ነበር። አጥኚዎቹ ዋናው ምክንያት ሥርዓቶቹ የሠለጠኑበት የአፍሪካ አሜሪካውያን ድምፅ ማነሱ ሳይሆን እንደማይቀር አመልክተዋል።

ዘርፉና ኢትዮጵያ

አሜሪካዊው ቻርልስ ፈርጉሰን በ1959 ዳይግሎሲያ የሚለውን ቃል በዘርፉ አስፋፍተዋል። ይህም አንድ ማኅበረሰብ የአንድን ቋንቋ ሁለት ዓይነቶች፣ አንዱን ለከፍተኛ ጉዳይ ሌላውን ለዕለት ኑሮ፣ ለይቶ የሚጠቀምበት ሁኔታ ነው። ፈርጉሰን በ1960ዎቹ መጨረሻ በተካሄደው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ተሳትፈዋል፤ ውጤቱን በያዘውና በ1976 በታተመው መጽሐፍም ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበሩ። በኢትዮጵያ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ቅላፄንና ዕውቀትን ለይቶ ማየት ለተማሪዎችም ለመምህራንም የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።